የስኳር ሕመም ያለባት ድመት አመጋገብ፦ ከአንድ በላይ እንስሳት ለሚኖሩበት ቤት

የስኳር ሕመም ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ድመቶችንም ያጠቃል። በተለይም ዕድሜያቸው የገፋና ከመጠን በላይ የወፈሩ ድመቶች ለሕመሙ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ሽንት ማብዛት እንዲሁም በደንብ እየበሉ መክሳት ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ሲሆኑ፣ እነዚህ የታዩባት ድመት በእንስሳት ሐኪም ልትመረመር ይገባል።

ሕክምናው በአብዛኛው በኢንሱሊን መርፌና በአመጋገብ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ በቤቱ ያሉት እንስሳት ሁሉ ከአንድ ሳሕን የሚመገቡ ከሆነ፣ ታማሚዋ ምን ያህል እንደበላች ማወቅ አይቻልም። ምግብ ላልበላች ድመት የተለመደውን የኢንሱሊን መጠን መስጠት ደግሞ ለሕይወቷ አስጊ ነው።

ተስማሚ ምግብ

ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል በመሆኗ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ያለ ምግብ ይስማማታል። በቆርቆሮ የታሸገ እርጥብ የድመት ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቁ ያነሰ ካርቦሃይድሬት አለው። እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝ ለታማሚዋ አይመከሩም። ወጥ የነካው ትርፍራፊም ሊሰጣት አይገባም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉና። ቤተሰቡ በሚጾምበት ወቅት ሥጋ በቤት ውስጥ ስለማይኖር የድመቷ ምግብ አስቀድሞ ሊዘጋጅ፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ልጆችና እንግዶች ከማዕድ እንዳያጎርሷት ሊነገራቸው ይገባል።

የምግብ ለውጥ የሚደረገው ሐኪም ተማክሮ፣ ቀስ በቀስ ነው። ካርቦሃይድሬቱ ሲቀንስ የሚያስፈልጋት ኢንሱሊንም ሊቀንስ ይችላል። ወፍራም ድመትን ለማክሳት ተብሎ ማስራብ ለከባድ የጉበት ሕመም ስለሚዳርግ ፈጽሞ አይፈቀድም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

• ኢንሱሊን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ስለሚሰጥ፣ ዋናው ምግብ ከመርፌው ሰዓት ጋር እንዲገጣጠም ይደረጋል።
• ታማሚዋ በሩ በተዘጋ ክፍል ለብቻዋ ትመገባለች። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ የተረፈው ተነሥቶ ይመዘናል።
• የሌሎቹ እንስሳት ምግብም በሰዓት ይቀርባል፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ አይቀመጥም። የውሻ ምግብ ለድመት የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮችን በበቂ መጠን ስለማይዝ ምትክ ሊሆን አይችልም።
• ጤነኛ የሆኑ አዋቂ ድመቶች ብዙውን ጊዜ የታማሚዋን ምግብ መጋራት ይችላሉ። ለግልገሎችና የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ግን ሐኪም ሳይማከር አይሰጥም።
• ንጹሕ ውኃ ምንጊዜም አይከለከልም።
• መርፌውን የሚሰጥ አንድ ኃላፊ ይመደባል። መርፌው በስሕተት ሁለት ጊዜ እንዳይሰጥ፣ ሰዓቱና ድመቷ የበላችው መጠን በየዕለቱ ይመዘገባል።
• በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት የያዘ ኢንሱሊንና 100 ዩኒት የያዘው የየራሳቸው መርፌ አላቸው። አንዱን በሌላው መተካት የመጠን ስሕተት ያስከትላል።

አስቸኳይ ሁኔታ

ድመቷ ምግብ እምቢ ካለች ወይም ካስመለሳት መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ሐኪም ሊጠየቅ ይገባል። ድንገተኛ ድካም፣ መንገዳገድ ወይም መንቀጥቀጥ የደም ስኳር ከመጠን በላይ መውረዱን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ማር ወይም በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ድዷ ላይ ተቀብቶ፣ ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ ትወሰዳለች። ራሷን ለሳተች ድመት በአፏ ፈሳሽ መጋት ሊያንቃት ስለሚችል የተከለከለ ነው።

ሕክምናቸው በጊዜ የተጀመረና አመጋገባቸው የተስተካከለ አንዳንድ ድመቶች ኢንሱሊን ሳያስፈልጋቸው እስከ መኖር ይደርሳሉ። መርፌውን መቀነስም ሆነ ማቋረጥ የሚቻለው ግን በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው። ስለሆነም ባለቤቶች ለክትትል ወደ ክሊኒክ በሚሄዱበት ጊዜ የየዕለቱን መዝገብ ይዘው እንዲቀርቡ ይመከራል።