ድንገት የሚደልቅ ልብ

ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ሲል ልቡ መደለቅ ይጀምራል። አልሮጠም፣ አልተቆጣም። አንገቱ ሥር የደም ሥሩ ሲመታ ይታያል። የሚቆጥርለት ቢገኝ በደቂቃ 180 ነው፤ ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ልብ ከ60 እስከ 100 ነው የሚመታው። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ድለቃው ቀጥ ይላል፤ ሽንቱም ይመጣበታል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ደህና ነው፤ «ጭንቀት ነው፣ ቡና ቀንስ» ተብሎ ይሸኛል። ስንቱ በዚህ ምክንያት ለዓመታት ተንከራትቷል!

ጭንቀት ያፈጠነው ልብ ቀስ በቀስ ፈጥኖ ቀስ በቀስ ይበርዳል። በአንድ ምት ጀምሮ በአንድ ምት የሚቆመው ሌላ ነው፤ ሐኪሞች ኤስቪቲ ይሉታል። የልብ ኤሌክትሪክ ከላይኛው ቀኝ ክፍል ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርደው መሃል ላይ ባለች አንዲት በር ነው። ትርፍ መንገድ ያለው ሰው ላይ ግን ያለጊዜዋ የመጣች አንዲት ምት በአንዱ ወርዳ በሌላው ትመለሳለች፤ እየዞረች በየዙሩ ልብን ትመታለች።

በሯን ለቅጽበት ማዘግየት ዙሩን ይበጥሰዋል። ለዚህም በሽተኛው ጋደም ብሎ በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ጫፍ፣ መግፊያው እስኪንቀሳቀስ፣ 15 ሰከንድ አምጦ ይነፋል። ወዲያው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ለ15 ሰከንድ ከፍ ይደረግለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከ100 ሰው ለ43ቱ የልባቸው ምት በዚህ ወደ ልኩ ተመልሶላቸዋል፤ እግራቸው ሳይነሣ ከነፉት ግን ከ100 ለ17ቱ ብቻ ነው የተመለሰላቸው። መጀመሪያ ሐኪም ፊት ይለማመዱት።

ካልሆነ አዴኖሲን በደም ሥር በፍጥነት ይሰጣል፤ ደም ውስጥ የሚቆየው ለሰከንዶች ነው። ለእነዚያ ሰከንዶች ደረት ይጨመቃል፣ የሞት ፍርሃት ይመጣል፤ ይህን አስቀድሞ ያልነገረ ሐኪም በሽተኛውን በድሎታል። ለዘለቄታው በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ትርፉን መንገድ ማቃጠል አለ፤ አብዛኛው ሰው ይድንበታል።

ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ግን ስሪንጅ አይፈልግ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ፈጣን ልብ ሁሉም ኤስቪቲ አይደለም፤ ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ያፈጥኑታል። አገራችን ውስጥ የቁርጥማት ትኩሳት ቫልቩን ያበላሸበት ልብ ደግሞ ሥርዓት አጥቶ ሊመታ፣ የረጋ ደምም ወደ አንጎል ሊልክ ይችላል።

ምቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚለየው ድለቃው ሳይቆም የተነሣ ኢሲጂ ነው። ሲጀምርዎት ከባድ ምልክት ባይኖርም ኢሲጂ ያለበት ቅርብ ቦታ ይሂዱ፣ መኪና ራስዎ አይንዱ፤ የኢሲጂዋን ወረቀትም ኮፒ አስደርገው ቤት ያስቀምጡ።