የቤት ገመናና ከላይ የሚያይ ጎረቤት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ርዕስ ቤታችንንና ግቢያችንን ከላይ ሆኖ ስለሚያይ ጎረቤት ነው።

ጉዳዩ ለአራዳና ለፒያሳ ሰው እንግዳ አይደለም። በነባሮቹ ግቢዎች ማድ ቤቱ ውጭ ነው፤ ቧንቧውና መጸዳጃውም እንዲሁ። እናቶች ጎመን የሚቀነጥሱት፣ ልብስ የሚያሰጡት፣ ሻሻቸውን አውርደው ውዱእ የሚያደርጉት እዚያው ነው። ስለዚህ ግቢው ጣሪያ የሌለው የቤቱ ክፍል ነው። አጠገቡ ፎቅ ሲሠራና በረንዳው ወደ ግቢው ሲዞር ቤተሰቡ አንድ ክፍል እንደተነጠቀ ይቆጠራል። በ2016 የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ መንደሮች ሲፈርሱ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ወገኖቻችን ደግሞ ዛሬ እነርሱው ከላይ የሚያዩ ሆነዋል። ትምህርቱ ለሁለቱም ወገን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 27 የሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ መግባትን ከልክሏል። የማስፈቀድ ሕግ ለምን እንደተደነገገ ደግሞ ቡኻሪና ሙስሊም ከሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) ከዘገቡት ሐዲስ እንረዳለን። አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክፍል አጮልቆ አየ። እርሳቸውም በእጃቸው የያዙትን ሚዶ አንስተው፣ እያየ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ዓይኑን ይወጉት እንደነበር ነገሩት፤ ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑንም አስተማሩት። ሐዲሱን የምናነሳው የነገሩን ክብደት ለማሳየት እንጂ ማንም በጎረቤቱ ላይ እጁን እንዲያነሳ አይደለም። እግሩ ደጃፉን ባይረግጥም ዓይኑ ከገባ ሰውየው ገብቷል ማለት ነው።

ታዲያ ፎቅ መሥራት ሐራም ነውን? አይደለም። ታሪክ ጸሐፊው ኢብን ዐብዱል ሐከም እንደዘገበው በግብጽ ፉስጣጥ ኻሪጃ ኢብን ሑዛፋ ሰገነት ሠርተው ነበር። ወሬው ለኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሲደርስ ለዐምር ኢብኑል ዓስ ደብዳቤ ጻፉ፤ ክፍሉ ውስጥ አልጋ ይቀመጥ፣ ረጅምም አጭርም ያልሆነ ሰው ይቁምበት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ከቻለ ሰገነቱ ይፍረስ የሚል ነበር። ሲሞከር ሰውየው መስኮቱ ላይ አልደረሰም፤ ሰገነቱም ሳይፈርስ ቀረ። ፍርዱ የተሰጠው በሐሜት ሳይሆን በልክ መሆኑን ልብ እንበል።

የኦቶማን ዘመን የሕግ መጽሐፍ የሆነው መጀላም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ማድ ቤትን፣ የውኃ ጉድጓድ አፍንና ግቢን የመሳሰሉ ሴቶች የሚውሉባቸውን ቦታዎች ቁልቁል የሚያሳይ መስኮት ከባድ ጉዳት ነው ይላል። መፍትሔው ግን መስኮቱን ጨርሶ መድፈን ሳይሆን በግንብ ወይም በጣውላ መከለል ነው። ፍሬ ለመልቀም ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው እንኳ የጎረቤቱን ግቢ የሚያይ ከሆነ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

ከዚህ በመነሳት ምን እናድርግ? ከላይ የምንኖር ከሆንን ጎረቤት እስኪከሰን አንጠብቅ። የበረንዳውን ግማሽ በሸራ ወይም በቀርከሃ እንከልል፤ መስኮቱን በማያሳይ መስታወት እንቀይር። ጣሪያ ለመጠገን ስንወጣ ድምፃችንን እናሰማ። ልጆቻችንንም ዓይናቸውን ሰበር እንዲያደርጉ እናስተምር።

ከታች የምንኖር ከሆንን ደግሞ በቁጣ ሳይሆን በሰላምታ እንጀምር። «ጋሼ፣ ከበረንዳዎ ላይ ግቢያችን ወለል ብሎ ይታያል፤ ሴቶቻችን ተቸግረዋል፤ እስቲ መላ እንፈልግለት» ብንል ብዙው ሰው ይሰማል። ብዙ ጊዜ ሰውየው ማየቱን እንጂ መታየታችንን አላሰበውም። ወጪውን ብንጋራ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። አጥር ከፍ ስናደርግም የእርሱን ብርሃን ጨርሰን እንዳንነሳ እንጠንቀቅ።

እምቢ ካለ የሰፈር ሽማግሌ እንላክ። ያም ካልሆነ ሕግ አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስና በመሰል ጉዳዮች ላይ ስለሆነ ይህ ክስ የሚቀርበው ለመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ጎረቤታችን ክርስቲያን ቢሆን ሐቁ አይቀንስም። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) በግ ሲታረድላቸው በመጀመሪያ የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተሰጥቶ እንደሆነ ነበር፤ ምክንያታቸውም ጂብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ማለቱን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ነገ ለቅሶ ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ያው ከላይ የሚያየን ሰው ነው። አጥሩን ስናጥር እርሱን እንዳናጣ እንጠንቀቅ።

አላህ የሁላችንንም ገመና ይሸፍን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።