ፍርዱን ለጨረሰ ሰው ዋሱ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ አራት ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ተሰማሩ። ሁለቱ ነጮች፣ ሁለቱ ጥቁሮች ናቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው በየድርጅቱ ያመለክታሉ፤ ትምህርታቸውና የሥራ ልምዳቸው ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ ከየጥንዱ አንደኛው ኮኬይን ለመሸጥ ይዞ ተገኝቶ 18 ወር መታሰሩን ይናገራል። ታሪኩ የፈጠራ ሲሆን፣ ሁለቱ ጓደኛሞች በየተራ ይለዋወጡታል። ወጣቶቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ያሰማራቻቸውም ዲቫ ፔጀር የተባለች የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ናት።

350 ቀጣሪዎች ተሞከሩ። የወንጀል ሪከርድ የሌለበት ነጭ አመልካች ከመቶው 34 ጊዜ ተመልሶ ተጠራ፤ «ታሳሪ ነበርኩ» ያለው ነጭ 17 ጊዜ። ጥቁሮቹ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ይበልጥ ያማል። ንጹሕ ሪከርድ ያለው ጥቁር 14 ጊዜ ብቻ፣ ሪከርድ ያለበት ደግሞ 5 ጊዜ ነው የተጠራው። ምንም ያላጠፋ ጥቁር፣ ታስሮ ከወጣ ነጭ ያነሰ ዕድል ነበረው ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን በር ለመክፈት በካሊፎርኒያ የቀድሞ እስረኞች ራሳቸው በ2004 ዘመቻ ጀመሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» የሚለው ሣጥን ከማመልከቻ ቅጽ ላይ ይነሳ፣ ቀጣሪው ሰውየውን አይቶ ከመዘነ በኋላ ይጠይቅ። ብዙ ግዛቶችና ከተሞች ተቀበሏቸው። በ2019 የወጣው የፌዴራል ሕግም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከቅጥር ውሳኔ በፊት እንዳይጠይቁ ከለከለ።

በየግዛቱና በየከተማው ሣጥኑን ያነሱት ሕጎች ግን ያልታሰበ ጣጣ አመጡ። ሁለት ተመራማሪዎች በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ከተማ ወደ 15,000 የሚጠጉ የፈጠራ ማመልከቻዎችን ላኩ። ሣጥኑ ከተነሳ በኋላ፣ ሣጥኑ በነበረባቸው ድርጅቶች ነጭ አመልካቾች በጥቁሮቹ ላይ የነበራቸው ብልጫ ከ7 በመቶ ወደ 43 በመቶ አሻቀበ። ቀጣሪው ሪከርዱን ማየት ሲከለከል በስምና በቆዳ ቀለም መገመት ያዘ። ሣጥኑን ማንሳት ስህተት ነበር ለማለት አይደለም፤ ሪከርድ ያለበትን ሰው ገና ከደጅ የሚመልሰው እሱ ነበርና። የቀጣሪውን ፍርሃት ግን ሳይነካው ቀረ።

«ቢሰርቀኝስ?» ነው ፍርሃቱ። የእኛ አገር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ንብረት ወይም ገንዘብ የሚይዝ ሠራተኛ ዋስ አምጣ የሚባለው ለዚሁ ነው። ከእስር የወጣ ሰው ታዲያ ደፍሮ የሚዋሰው ከየት ያገኛል? አሜሪካ ውስጥ ከ1966 ጀምሮ ይህን ቦታ የሚሸፍን የመንግሥት ፕሮግራም አለ። አዲሱ ሠራተኛ ቢሰርቅ ወይም ቢያጭበረብር ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የ5,000 ዶላር መድን ይሰጣል፤ ቀጣሪው ሳንቲም አይከፍልም።

በብሪታንያ ደግሞ ጫማ በመጠገንና ቁልፍ በመቅረጽ የሚታወቀው ቲምፕሰን የተባለ የቤተሰብ ድርጅት አለ። ባለቤቶቹ እስር ቤት ድረስ ሄደው ሠራተኛ ይመለምላሉ። የሰው ቤት ቁልፍ የሚቀረጽበትን ሥራ ለቀድሞ እስረኛ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል፤ ዛሬ ከአሥር ሠራተኞቻቸው አንዱ ገደማ ታስሮ የወጣ ነው። ድርጅቱን ለዓመታት የመሩት ጄምስ ቲምፕሰን በ2024 የአገሪቱ የእስር ቤቶች ሚኒስትር ሆነዋል።

ሌላው መንገድ ሪከርዱን ራሱን መሰረዝ ነው። በሚሺገን ግዛት በተደረገ ጥናት፣ ሪከርዳቸው የተሰረዘላቸው ሰዎች ደመወዝ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ አድጓል። ሆኖም መብቱ ካላቸው ውስጥ በአምስት ዓመት ጊዜ የተጠቀሙበት 6.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቅጹ፣ አሻራው፣ ክፍያው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮው ያታክት ነበር፤ ብዙዎቹም መብቱ መኖሩን አያውቁም ነበር። ፔንሲልቬንያ በ2018 ባወጣችው ሕግ ማመልከቻውን አስቀርታ፣ ጊዜው የደረሰ ቀላል ሪከርድ በኮምፒውተር ራሱ እንዲዘጋ አድርጋለች።

በኢትዮጵያም አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ ማቅረብ ለብዙ ሥራ ግዴታ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ቅጣቱን የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲፋቅለት ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ጽኑ እስራት ለተፈረደበት ቢያንስ ከአምስት ዓመት፣ ለሌላው ከሁለት ዓመት በኋላ። ይህን ለታራሚው ከመፈታቱ በፊት ቁጭ አድርጎ ማስረዳት የማረሚያ ቤቶች ሥራ መሆን አለበት።