ከአጥሩ ውጭ የቀረው ጥያቄ፦ የሕዝብ የግብርና ኮሌጆች በሚለዋወጥ የምግብ ሥርዓት ውስጥ



የዛሬው ንግግሬ የሕዝብ የግብርና ኮሌጆች በሚለዋወጠው የምግብ ሥርዓት ውስጥ ስላላቸው ሚና ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ በአንድ ተቋም ታሪክ ላይ ላተኩር፤ እርሱም በጅማ ተጀምሮ ወደ አለማያ የተዛወረው፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። እርሱን የመረጥሁበት ምክንያት የሀገራችን ከፍተኛ የግብርና ትምህርት በአብዛኛው ከዚያ ምንጭ የተቀዳ ስለሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስለ ምግብ ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው እርሻውን ነው። እርሻው ግን የመንገዱ አንድ ክፍል እንጂ መንገዱ ሁሉ አይደለም። ዘሩ፣ ውኃው፣ ጎተራው፣ የጭነት መኪናው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የዘይት መጭመቂያው፣ ጉልቱ፣ ማዕድ ቤቱ በአንድነት ሰውን ይመግባሉ፤ ወይም ያስርባሉ። ኮሌጁ ሲመሠረት ገበሬው ካመረተው አብዛኛውን እዚያው በቤቱ ይበላው ነበር። ዛሬ የሕዝባችን ቁጥር ከ100 ሚሊዮን አልፏል፤ እህል ገዝቶ የሚበላው ከተሜ በዝቷል፤ ከእንጀራው ጎን ዳቦና ፓስታ የዕለት ምግብ ሆነዋል፤ የሐረርጌ አትክልት በጭነት መኪና ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ይደርሳል። ኮሌጆቻችን ግን ዛሬም በዋናነት የሚጠይቁት ያንኑ የድሮውን ጥያቄ ነው፦ ከአንድ ሔክታር ስንት ኩንታል ይገኛል?

ጥያቄው በራሱ ስሕተት የለበትም። ለምን ብቸኛው ጥያቄ እንደ ሆነ ለመረዳት ግን ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል።

የኮሌጁ አሳብ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙት የሞሪል ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ መሬት እንዲሰጥ፣ ከመሬቱ ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብም እርሻና የመካኒክ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አደረገ። (ያ መሬት በአብዛኛው ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑ የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አብሮ አይነገርም።) በ1887 የወጣው የሃች ሕግ የምርምር ጣቢያዎችን፣ በ1914 የወጣው የስሚዝና ሌቨር ሕግ ደግሞ የኤክስቴንሽን ሥራን ጨመሩበት። እንዲህ ሆኖ ማስተማር፣ መመራመርና ገበሬውን ማገልገል በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሦስት ጉልቻ ቆሙ።

የኦክላሆማው የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋገሩ። ቤኔት በ1951 መጨረሻ በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም፣ ስምምነቱ በ1952 ተፈጽሞ ትምህርቱ በጅማ ተጀመረ፤ በ1956ም ወደ አለማያ ተዛወረ። መጀመሪያ ላይ ሦስቱም ተግባራት የኮሌጁ ነበሩ። በደብረ ዘይት የሚገኘው የምርምር ጣቢያ በሥሩ ነበር፤ የሀገሪቱን የኤክስቴንሽን አገልግሎትም የጀመረው እርሱ ነው።

ሦስቱ ጉልቻዎች አብረው የቆዩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ኤክስቴንሽኑ በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ብሔራዊው ምርምርም የራሱን ቤት አገኘ። ለእያንዳንዱ ውሳኔ በቂ ምክንያት ነበረ፤ አንድ ኮሌጅ በእጁ በነበረው ጥቂት የሰው ኃይል ሀገሪቱን ሁሉ ሊያዳርስ አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ የታጣውን ነገር በትክክል መገመት አለብን። ኤክስቴንሽን ዘወትር የሚታሰበው ዕውቀት ከምሁሩ ወደ ገበሬው የሚወርድበት ቦይ ሆኖ ነው። ይህ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በእኔ አስተያየት የበለጠ የሚጠቅመው፣ ከገበሬው ወደ ምሁሩ የሚመጣው ወሬ ነው፦ ዘንድሮ ምን እንደ ተዘራና ምን እንደ ተተወ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደ ነጠፈ፣ ነጋዴው ምን እያለ እንደ ሆነ። ያ ወሬ ወደ ሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት መሄድ ሲጀምር መምህሩ የሚያስተምረው ከመጽሐፍ ብቻ ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተስፋፍተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የልማት ሠራተኞችን ሲያሠለጥኑ፣ በየቀበሌውም ሦስት ሦስት ሲመደቡ፣ ይኸው ክፍተት አልተሞላም። ሠልጣኙ ተመርቆ ከወጣ በኋላ የሚያየውን ለኮሌጁ የሚነግርበት መደበኛ መንገድ አልተዘረጋለትምና።

የተገኘውን ማሳነስ አልሻም። የጤፍ አበባ ማለዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ እስኪደርሱበት ድረስ ጤፍን በእጅ ማዳቀል የማይሆን ነገር ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ በደብረ ዘይት የተሠራው የማዳቀል ሥራ በ2006 ቁንጮ የተባለውን ዝርያ አስገኘ። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና ከአለማያ የወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እርሳቸው የወጡት ከገጠር ድኻ ቤተሰብ ነው። «የሕዝብ» የሚለው ቃል ትርጉም እዚህ ላይ ይታያል፤ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ በር በክፍያ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ አይገባም ነበር፤ አቀንጭራውም ያለ እርሱ በቀጠለ።

እንግዲህ ከአጥሩ ውጭ ስለ ቀረው እንነጋገር።

የመጀመሪያው የመሬት ጥያቄ ነው። በ1967 በአርሲ በስዊድን ርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮግራም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለአነስተኛው ገበሬ አቀረበ፤ ምርቱም ጨመረ። እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለ መሬቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ጢሰኞቻቸውን ማስወጣት ጀመሩ። አዝመራው ሲያድግ አራሹ ተፈናቀለ። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጩኸት በአደባባይ ሲሰማ፣ የስንዴው ሳይንስ ስለ ጢሰኛው የሚለው ነገር አልነበረውም።

ሁለተኛው የሐረማያ ሐይቅ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። ሐይቁ ከኮሌጁ ጎረቤት ነው። የሐረር ከተማ ለአሥርታት የመጠጥ ውኃዋን የምትስበው ከዚያ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሐይቁ ደረቀ፤ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ፤ ሐረርም ውኃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ አካባቢ ድረስ ቧንቧ ለመዘርጋት ተገደደች። በሀገሪቱ ትልቁ የግብርና ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሐይቅ ሲደርቅ ነገሩ ማብራሪያ ይሻል።

ምክንያቶቹ ምሥጢር አይደሉም። ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚታጠበው አፈር ሐይቁን በደለል ይሞላው ነበር። ከተሞቹ አደጉ፤ የሚስቡት ውኃም በዚያው ልክ አደገ። ከዚህ ሁሉ ጋር ገበሬው ሞተር ገዝቶ ጫትና አትክልት በበጋ ማጠጣት ጀመረ። ይህን ያደረገው ባለማወቅ አይደለም፤ እንዲያውም ሒሳቡን ከብዙዎቻችን አብልጦ ያውቀዋል። ከአንድ ሔክታር በታች የሆነ ማሳ ማሽላ ተዘርቶበት ቤተሰብ አይመግብም። በበጋ ለምልሞ ወደ አወዳይ ገበያ የሚወጣ ጫት ግን ዋጋው ይወደዳል፤ ከዚያም ወደ ሶማሊያና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ በገንዘቡ እህል ይገዛል። ስለዚህ የሐይቁን ውኃ የጠጣው አንድ ሰነፍ ገበሬ ሳይሆን ከድንበር ማዶ የሚነሣ የገበያ ፍላጎት ነው። ለብቻው ሲታይ የእያንዳንዱ ገበሬ ውሳኔ ትክክል ነበር። ሐይቁን ግን በአንድነት አደረቁት።

ኮሌጁ ዝም አላለም፤ ምሁራኑ ሐይቁን አጥንተዋል፣ ጽፈዋል። ደግሞም «አለማያ 624» የተባለውን ድንች የመሰሉ ለአካባቢው የሚስማሙ ዝርያዎችን አውጥቷል። ግን አስቡት፤ የድንቹ ባለሙያ የድንቹን ምርት ይለካል፣ የአፈሩ ባለሙያ አፈሩን፣ የውኃው ባለሙያ ውኃውን። የአወዳይን የጫት ዋጋ፣ የሞተሩን ቁጥርና የሐይቁን ከፍታ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ በየዓመቱ አስፍሮ «በዚህ ከቀጠልን በዚህ ዓመት ውኃ አይኖርም» ብሎ ለገበሬው፣ ለከተማው ምክር ቤትና ለክልሉ መንገር የማን ሥራ ነበር? በየትኛውም ዲፓርትመንት የሥራ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። በቅርብ ዓመታት ውኃው በከፊል ተመልሶ ታይቷል፤ ደስ ያሰኛል። የተመለሰው ውኃ ግን ያው ሞተርና ያው ገበያ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከእርሻ ይልቅ ወደ ገበታ የቀረበ ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተደረገ ጥናት በወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ተገኘ። ምንጩ ሲፈለግ ወደ ከብቱ መኖ፣ በተለይም ወደ ኑግ ፋጉሎ አመለከተ። መንገዱን ተመልከቱት፦ ኑጉ በእርጥብ ቦታ ይከማቻል፣ ይሻግታል፤ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ ፋጉሎው ለከተማ ዳር ወተት አርቢ ይሸጣል፤ ላሚቱ የበላችው መርዝ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም፤ በመጨረሻ ሕፃኑ ይጠጣዋል። ኑግ አምራቹ፣ ነጋዴው፣ የዘይት ቤቱ ባለቤት፣ ወተት አርቢው፣ እናቲቱ፣ አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። እኛ ግን ኑግን በሰብል፣ ፋጉሎን በእንስሳት መኖ፣ ወተትን በምግብ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ከፋፍለን እናስተምራለን። ተማሪው አራት ዓመት ተምሮ መንገዱን አንድ ጊዜ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ሳይሄድበት ሊመረቅ ይችላል።

ይህን ሥራ የግል ድርጅት ወይም የውጭ ፕሮጀክት አይሠራውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። በከፊል ይሠራዋል። ፕሮጀክት ግን በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ያበቃል፤ መኪናውም ባለሙያውም ይሄዳሉ። ሐይቅ በሦስት ዓመት አይደርቅም። ዘር የሚሸጥ ድርጅት ዘሩ ምን ያህል ውኃ እንደሚጨርስ ለመናገር አይቸኩልም፤ በዚህም አልወቅሰውም። አርባ ዓመት በአንድ ቦታ ቆሞ ያንኑ ነገር በየዓመቱ የመለካት ዕድልም ግዴታም ያለው፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደርና ከአካባቢው የማይነቀል ተቋም ነው።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ትንሽ ነው፤ አዲስ ሕንጻም አይጠይቅም። የተማሪው የመስክ ልምምድ ጊዜ ይለወጥ። ከየትምህርት ክፍሉ የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድን ምግብ ከማሳው እስከ ገበታው ይከተሉ፦ አንድ ጭነት ድንች፣ አንድ ጆንያ ኑግ፣ አንድ እንስራ ወተት። በጭነት መኪናው ይሂዱ፤ በጉልት ይቀመጡ፤ ስንቱ እንደ በሰበሰ፣ ስንት ውኃ እንደ ጨረሰ፣ ማን ስንት እንዳተረፈ ይመዝግቡ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ያንኑ መንገድ እንደገና ይሂዱበት፤ መዝገቡም አይቋረጥ። በየቀበሌው ያሉት የልማት ሠራተኞች በዓመት አንድ ጊዜ ወደ አሠለጠናቸው ኮሌጅ ተመልሰው፣ ለመሠልጠን ሳይሆን ለመናገር፣ መምህራኑ በተማሪ ወንበር ተቀምጠው ይስሟቸው። መዝገቡ በመደርደሪያ እንዳይቀር ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለወረዳውና ለከተማው አስተዳደር በሚገባ አማርኛ፣ በምሥራቁ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ በአደባባይ ይነበብ።

በዚህ ፋኩልቲ ሥራውን ለመጀመር የምንመርጠው ምግብ የትኛው ይሁን የሚለውን ለእናንተ እተዋለሁ። እኔ ብጠየቅ ወተቱን አስቀድማለሁ፤ የሚጠጡት ሕፃናት ናቸውና። ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።