ጠጅ በቤት፦ ማር፣ ውሃ፣ ጌሾ

እንግዳ የሚጠብቅ ቤት መጀመሪያ የሚያስበው ምግቡን ነው። መጠጡ የሚታሰበው ኪሱ ከሳሳ በኋላ ነው። ከውጭ የገባ ወይን ለመግዛት አቅም ያጠረው ቤተሰብ ግን ከማጀቱ ሳይወጣ የክብር መጠጥ ማቅረብ ይችላል። ጠጅ ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ማር፣ ውሃና ጌሾ። ማሽን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ንጹሕ ዕቃና የጥቂት ሳምንታት ትዕግስት ነው።

በድሮው ሥርዓት ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ የሚጠጣው ጠላ ነው። ዛሬ ማር መግዛት የቻለ ሁሉ ይጥላል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ስትሆን፣ ከምርቷም ብዙው የሚሄደው ወደ ጠጅ ነው።

የሙያው ቁልፍ ጌሾ ነው። ቅጠሉ ይበልጡን ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይውላል። ምሬቱ የማሩን ጣፋጭነት ያመጣጥናል፤ መጠጡን የሚያበላሹ ተሕዋስያን እንዳይበረክቱም ያግዛል። ሆፕስ ለቢራ የሚሠራውን ሥራ ጌሾ ለጠጅ ይሠራል።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠብና በወይራ ይታጠናል፤ ጋን ለሌለው ሰፊ አፍ ያለው የመስታወት ዕቃ ይበቃል። 1 ሊትር ማር ከ4 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጋር በደንብ ተማስሎ ይበረዝና በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ማሩ ያልተጣራ ከሆነ ሰፈፉ ወደ ላይ ስለሚወጣ ይገፈፋል። ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ብርዙ አረፋ ያወጣል። በዚህ ጊዜ አንድ ሁለት እፍኝ የተከተፈ ጌሾ በጥቂት ብርዝ ተቀቅሎ፣ ሲቀዘቅዝ ከነውሃው ይጨመራል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይማሰላል። ጆሮ ጠጋ ሲደረግ እሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጌሾው ከአረፋው ጋር ተገፍቶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሽታውም ከማርነት ወደ ጠጅነት ይዞራል። በቆላ አየር 8 ቀን ገደማ፣ በደጋ ከ15 እስከ 20 ቀን ከፈላ በኋላ በጥሩ ጨርቅ ይጠለላል።

የሚያፈላው በማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ነው። ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ለ1 ሊትር ማር 3 ሊትር ውሃ ከሆነ እርሾው ስኳሩን ሁሉ አይጨርሰውምና ለስላሳ ጠጅ ይወጣል። ውሃው 5 ሊትር ሲሆንና መፍላቱ ሲራዘም ደግሞ ስኳሩ ያልቅና ደረቁ ይገኛል። ጋዙ መውጫ ስለሚያስፈልገው፣ መፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ መቀመጥ የለበትም፤ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ ያገኛሉ። ችግሩ ያለው ማሩ ላይ ነው፤ የሱፐርማርኬት ማር ብዙውን ጊዜ በሙቀት ስለሚያልፍ እርሾው ይሞታል። መፍትሔው ያልሞቀ ማር መግዛት ወይም በትንሽ ፓኬት የሚሸጠውን የወይን እርሾ መጨመር ነው። የአገሪቱ ፌዴራል ሕግም ለመሸጥ እስካልሆነ ድረስ አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት ቤት 200 ጋሎን ወይን ለቤት ፍጆታ መሥራት ይፈቅዳል። ጠጅም የማር ወይን ነው።

ወጪ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ከማሩ ቀንሶ በስኳር መተካት ያምረው ይሆናል። እኔ አልመክርም። ስኳሩ ያሰክራል እንጂ የማሩን መዓዛ አይሰጥም፤ ጠጅን ጠጅ የሚያሰኘው ደግሞ መዓዛው ነው። ቁጠባው ከሌላ ቦታ ይምጣ። ውዱ ነጭ ማር ለዳቦ ይቆይ፤ ቀላ ያለው ማር ለጠጅ ከበቂ በላይ ነው። ማሩ በሚቆረጥበት ወቅት ከገበሬው በብዛት መግዛት፣ ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ በአንድ ጋን መጣል፣ ከሥር የቀረውን ዝቃጭ ጥቂት አስቀርቶ ለቀጣዩ ጠጅ ማስነሻ ማድረግ ሁሉም ያዋጣሉ። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳም ከማሩ ጥቂት ተቀንሶ በግብዣው ዕለት ብርዝ ይበረዝለታል፤ በአንድ ወጪ ሁለት መጠጥ ማለት ነው።

ጠጁ ቀዝቀዝ ብሎ በብርሌ ይቀርባል። ደረቁ ቅባት ከበዛበት ክትፎ ጋር ይስማማል፤ ለስላሳው የዶሮ ወጥን በርበሬ ያበርዳል። ጣፋጭነቱ ግን እንዳያዘናጋ፤ በቤት የተጣለ ጠጅ ከቢራ በእጅጉ ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ ብርሌው ትንሽ፣ ምግቡ አስቀድሞ የቀረበ፣ መኪና የሚነዳው እንግዳም ብርዝ የሚጠጣ ይሁን።