ሆልጋ፦ ጫፉ የሚደበዝዝ ካሜራ

ሆልጋን ያነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ቅለቱ ነው። አካሉ ፕላስቲክ፣ ፊልም ማዞሪያው ፕላስቲክ፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች ሌንሱ ራሱ ፕላስቲክ ነው። ቲ. ኤም. ሊ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሲያወጡት፣ የቻይና ሠርቶ አደር ቤተሰብ በአነስተኛ ዋጋ ገዝቶ ልጆቹን ፎቶ እንዲያነሣበት ነበር። በጊዜው በቻይና እንደ ልብ የሚገኘው 120 የሚባለው ሰፊ ጥቁርና ነጭ ፊልም ስለነበር ካሜራው ለእሱ ተሠራ። ብዙም ሳይቆይ 35 ሚሊሜትር ፊልም ገበያውን ያዘ፤ ሆልጋም ከታሰበለት ቤተሰብ ይልቅ ባሕር ማዶ ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ወደዱት።

አጠቃቀሙን ሕፃን ልጅም ይረዳዋል። የሌንሱ ቀለበት ላይ አራት ሥዕሎች አሉ፦ አንድ ሰው፣ ጥቂት ሰዎች፣ ብዙ ሰዎች፣ ተራራ። አንሺው ርቀቱን በዓይኑ ገምቶ ቀለበቱን ያዞራል። የመዝጊያው ፍጥነት አንድ ብቻ ነው፤ የሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ። ፀሐይና ደመና የተሣለበት መቀየሪያም አለው፤ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ግን ወዲህም ወዲያም ቢገፋ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ አይለወጥም።

ጉድለቶቹ ሁሉ ምክንያት አላቸው። ሌንሱ አንዲት ቁራጭ ስለሆነች ስድስት በስድስት ሴንቲሜትር የሆነውን ፊልም እኩል ማጥራት አይሆንላትም፤ መሐሉ ይጠራል፣ ዳሩ ይደበዝዛል፣ ማዕዘኖቹ ይጠቁራሉ። የኋላ ክዳኑ በደንብ ስለማይገጥም በስንጥቁ ብርሃን ሾልኮ ፎቶው ላይ ነጭ ሰረዝ ይጥላል። መዝጊያውና ፊልም ማዞሪያው ስላልተያያዙ ደግሞ፣ ፊልሙን ሳያዞር መዝጊያውን በድጋሚ የተጫነ ሰው ሁለት ምስል ተደርቦ ያገኛል።

ብዙዎች ሆልጋን የሚወዱት ምን እንደሚያወጣ ስለማይታወቅ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አሜሪካዊው የዜና ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ በርኔት እ.ኤ.አ. በ2000 የፕሬዚዳንትነት እጩውን የአል ጎርን የምርጫ ዘመቻ በሆልጋ አንሥቶ፣ ፎቶው በዋይት ሐውስ ዜና ፎቶግራፍ አንሺዎች ማኅበር ውድድር ተሸልሟል። በዙሪያው ውድ ካሜራ የያዙ ባልደረቦቹ ነበሩ። በርኔት ግን ይህች ሌንስ የት እንደምትጠራ፣ የት እንደምትደበዝዝ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሌንሷን ድክመት የተመልካቹን ዓይን ወደ አንድ ሰው ለመሳብ ተጠቀመበት። ይህ የዕድል ሥራ አይደለም።

ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ቆሞ ነበር፤ በ2017 ግን እንደገና ገበያ ላይ ዋለ። ሆልጋ እጁ የገባ አንባቢ ለብርሃን ፈጣን የሆነ ፊልም፣ 400 የተጻፈበትን፣ ይግዛ፤ ፀሐይ ሳለም ይውጣ። የኋላ ክዳኑን ዙሪያ በጥቁር ፕላስተር ያሽግ፤ ከኋላ ያለችውን ቀይ የቁጥር መስኮትም ሸፍኖ ፊልሙን ሲያዞር ብቻ ይግለጣት። ከመጫኑ በፊት የሌንሱን ክዳን ማንሣቱን ያረጋግጥ፤ መመልከቻው ከሌንሱ የተለየ ስለሆነ፣ ክዳኑ ባይነሣም ከፊቱ ያለው ነገር ወለል ብሎ ይታየዋል።