የጎረምሳ ልጅ ልብስ ከወዴት ይገዛል? ቡሌ ሆራ በመርካቶና በሞያሌ ዋጋ መካከል

ቡሌ ሆራ፣ በቀድሞ ስሟ ሐገረ ማርያም፣ ከአዲስ አበባ 467 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጉጂ ዞን ከተማ ናት። ከእርሷ እስከ ሞያሌ ድንበር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ይህ አቀማመጥ የከተማዋን የልብስ ገበያ ይወስነዋል። የመርካቶ ዕቃ ከሰሜን ሲወርድ በየኪሎ ሜትሩ ዋጋው ይጨምራል፤ የኬንያ ዕቃ ከደቡብ ሲወጣ ደግሞ በየኬላው ይጨምራል። ሁለቱ ዋጋዎች የሚገናኙት ቡሌ ሆራ ላይ ነው።

የዚህ ግንኙነት ውጤት ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማው ከ13 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ላይ ያለ ወንድ ልጅ ለሚያለብስ ቤተሰብ ነው። ለሕፃናት የሚሆን ልብስ በየሱቁ ሞልቷል። ለአዋቂ የሚሆነውም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ጎረምሳ ግን የልጅ ልብስ ይጠበዋል፣ የአዋቂው ይሰፋዋል። ወላጅ ከሱቅ ሱቅ የሚንከራተተው፣ ነጋዴም መደርደሪያው ላይ ያልተሸጠ ሱሪ የሚከማችበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ልኩ የማይቆም ሸማች

ወንድ ልጅ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ፣ ይኸውም በአብዛኛው በ13ና በ14 ዓመቱ አካባቢ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። መስከረም ላይ ቁርጭምጭሚቱን የሸፈነ ሱሪ ግንቦት ሳይደርስ ወደ ላይ ይሸሻል። ወገቡ ግን በዚያው ፍጥነት አይሰፋም። በመሆኑም የሚያስፈልገው ረጅምና ቀጭን ልክ ነው፤ በገበያው በብዛት የማይገኘውም ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስሌት ብዙ ወላጆች የሚዘነጉት ነው። የልብስ ዋጋ መታየት ያለበት በሚለበስበት ወር ተካፍሎ ነው። ለምሳሌ አንድ ጥሩ ጂንስ 1,600 ብር ያወጣል፣ ጨርቁም ሁለት ዓመት ይችላል እንበል። ልጁ በ8 ወር ውስጥ ካለፈው፣ ወጪው በወር 200 ብር ነው። ሌላ 1,000 ብር የሚሸጥ ጂንስ በ5 ወር ቢቀደድ ይህም በወር 200 ብር ይመጣል። ስለዚህ ውድና ጠንካራ ልብስ የሚያዋጣው ተረካቢ ታናሽ ወንድም ሲኖር ነው። ታናሹ ሌላ 8 ወር ከለበሰው የ1,600 ብሩ ጂንስ በወር ወደ 100 ብር ይወርዳል። ታናሽ ወንድም የሌለው ልጅ ወላጅ ግን ልጁ ሊያልፈው ለተቃረበ ልብስ የሁለት ዓመት ጥንካሬ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ከሰሜን የሚመጣው

በከተማዋ ቡቲኮች የሚሸጠው አዲስ ልብስ በአብዛኛው የቻይናና የቱርክ ስሪት ሲሆን የሚመጣው በመርካቶ ጅምላ አከፋፋዮች በኩል ነው። ዋጋው ከፍ ያለበት ምክንያት ከነጋዴው ትርፍ በፊት የሚጀምር ነው። በሕጋዊ መንገድ በሚገባ የተሰፋ ልብስ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይከፈላል። አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ ወደብ ላይ 100 ብር የተገመተ ሸሚዝ ሌሎች ክፍያዎች ሳይታከሉ ወደ 170 ብር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የአስመጪው፣ የጅምላ ሻጩና የቸርቻሪው ትርፍ፣ እንዲሁም የጭነት ዋጋው ይታከላል።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ መጣ። ብር በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ57 ብር በላይ ይመነዘር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ደረሰ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታትም ከ100 ብር አለፈ። በእርግጥ አንዳንዱ አስመጪ ከዚያ በፊትም ዶላር ያገኝ የነበረው ከባንክ ውጭ በውድ ዋጋ ስለነበር የልብስ ዋጋ በዚያው መጠን አልዘለለም። ይሁን እንጂ አሮጌ ክምችት ያለቀበት ቸርቻሪ መርካቶ ሲመለስ በሸጠበት ገንዘብ የሸጠውን ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አልቻለም።

የቡሌ ሆራ ቡቲኮች ሌላም ደንበኛ አላቸው። የቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ወንድ ተማሪዎች ልክ ለ16ና ለ17 ዓመት ልጅ ልክ የቀረበ ስለሆነ፣ ለተማሪዎቹ ተብሎ የሚመጣው ጠባብ ጂንስና ጃኬት ለትልልቆቹ ጎረምሶችም ይሆናል። የ13ና የ14 ዓመት ልጅ ግን ከዚህ ተጠቃሚ አይደለም። ለእርሱ የተሻለው መፈለጊያ የቻይና ስሪት የልጆች ልብስ ነው። በዚህ ልብስ ምልክት ላይ 150፣ 160 ወይም 170 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ነው። የልጁን ቁመት ለክቶ የሄደ ወላጅ ከዕድሜ ግምት ይልቅ በዚህ ቁጥር ቢመራ አይሳሳትም። ኤም ወይም ኤል የሚል ምልክት ግን አያስተማምንም። የቻይናው ኤል ከአሜሪካው ኤም ሊያንስ ይችላል።

በቴሌግራምና በቲክቶክ ከአዲስ አበባ አዝዞ በቴሌብር ከፍሎ በአውቶቡስ ማስላክም ተለምዷል። ምርጫው ሰፊ ነው። ጉድለቱ ልብሱ ሳይለካ መገዛቱ ነው። ልኩ ያልሆነ ሱሪ ለመመለስ የሚወጣው የጭነት ሒሳብ የዋጋ ቅናሹን ይበላዋል። ስለዚህ ይህ መንገድ ለቲሸርትና ለሹራብ እንጂ ለሱሪና ለጫማ አይመከርም።

ከደቡብ የሚመጣው

ከሞያሌ አቅጣጫ ሁለት ዓይነት ልብስ ይመጣል፤ አዲስና ሳልባጅ። ኬንያ ውስጥ ያገለገለ ልብስ ማስገባት ሕጋዊ ነው። ነጋዴው ቀረጥ ከፍሎ በአብዛኛው 45 ኪሎ የሚመዝን ቦንዳ ያስገባል፣ በዓይነት የተለየውን ቦንዳ ፈትቶ ይቸረችራል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2008 ዓ.ም. ይህን ንግድ ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። በኋላ ግን አሜሪካ በአጎዋ የሚሰጠውን የገበያ ዕድል እንደምታጤን ስታስታውቅ ኬንያ ከሐሳቡ ወጣች። በአቋሟ የጸናችው ሩዋንዳ በ2010 ዓ.ም. ለልብስ ምርቷ ያላትን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አጣች።

በኢትዮጵያ በኩል ሕጉ ሌላ ነው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳልባጅ ጂንስ ላይ የሚከፈለው ዋጋ የጨርቁ ብቻ አይደለም። የአሻጋሪው፣ የደባቂው፣ ከዚህም በላይ በየኬላው ሊያዝ የሚችለው ዕቃ ኪሳራ ተሰልቶበታል። ከአምስት ቦንዳ አንዱ ይያዛል ብሎ የሚያስብ ነጋዴ በቀሪዎቹ አራት ላይ የአምስተኛውን ዋጋ ያካፍላል። ይህም ማለት ሞያሌ ላይ ርካሽ የሆነው ልብስ ያቤሎን አልፎ ቡሌ ሆራ ሲደርስ ርካሽነቱ እየተሸረሸረ ይሄዳል፤ ዲላና ሐዋሳ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ከዚያ በተጨማሪ ሳልባጅ ጥቅሙ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ልኩ ነው። በውጭ አገር ለጎረምሳ ተብሎ የተሰፋ፣ ወገቡ ጠቦ እግሩ የረዘመ ጂንስ የሚገኘው በዚህ ውስጥ ነው። ሆኖም ቦንዳ በተፈታበት ዕለት ምርጡ በውድ ይሸጣል፣ ዋጋው ሲወርድ የሚቀረው ደግሞ ማንም ያልፈለገው ነው።

ለነጋዴው ግን አደጋው ከትርፉ ጋር መመዘን አለበት። ኮንትሮባንድ ሲያዝ ዕቃው ይወረሳል፣ ያጓጓዘው ተሽከርካሪ ለመወረስ ይጋለጣል፣ ባለዕቃውም በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ንግድ ፈቃድ ያለው ቡቲክ በሕጋዊው ዕቃ መካከል ጥቂት ሳልባጅ ሲደባልቅ ለጥቂት መቶ ብር ብሎ ሙሉ ሱቁን ያስይዛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ነው። በሕግ መንገድ ርካሽ ዕቃ ለሚፈልግ ነጋዴ የተሻለው በጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች የሚካሄደውን የተወረሱ አዳዲስ አልባሳት ጨረታ መከታተል ነው። እዚያም ቢሆን ዕቃው በልክ ሳይለይ በጅምላ ስለሚቀርብ አይቶ መጫረት፣ የገዛበትንም ሰነድ በሱቅ ማኖር ያስፈልጋል።

ነገሌ ቦረና ሌላ መንገድ አላት። ከሰሜን የሚመጣላት በአዶላ በኩል ሲሆን፣ ከፊልቱና ከዶሎ አቅጣጫ የሚመጣውም ሌላ በር ነው። ስለዚህ ሞያሌ መንገድ ላይ ኬላ በጠበቀ ቁጥር የቡሌ ሆራ ዋጋ ሲንር የነገሌው የግድ አብሮ አይንርም።

ከሐዋሳ ያልመጣው

ከቡሌ ሆራ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ሸሚዝና ሱሪ ሲሰፋ ቆይቷል። ዋናው ገዥ የነበረው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ዘጋ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ወጣች። ፓርኩ የተሠራው ለወጪ ንግድ ስለሆነ የጉጂና የቦረና ጎረምሳ ከደጁ ከተሰፋው ልብስ ይልቅ አሜሪካ ተለብሶ፣ በሞምባሳ ገብቶ፣ በሞያሌ የተሻገረውን ይለብሳል። ለባለሀብት ይህ ክፍተት ነው። በአገር ውስጥ የተሰፋ ልብስ የጉምሩክ ቀረጡም ሱር ታክሱም የለበትም። የጎደለው በጎረምሳ ልክ ሰፍቶ በደርዘን ለክፍለ ሀገር ቸርቻሪ የሚያከፋፍል ሰው ነው።

ልብስ ሰፊው

እስከዚያው ድረስ ለዚህ ክፍተት የቀረበው መልስ የከተማው ልብስ ሰፊ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለመስፋት ወደ እርሱ የሚሄድ ወላጅ ሌላውንም ሱሪ እዚያው ቢያሰፋ ይጠቀማል። ቁም ነገሩ እጥፋቱ ላይ ነው። ከታች 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከተተወ፣ ወገቡም ከኋላ በኩል ትርፍ ካለው፣ ልጁ ሲረዝም ተፈቶ ይለቀቃል። በ1,200 ብር የተሰፋ ሱሪ በዚህ ዘዴ አንድ ዓመት ከቆየ በወር 100 ብር ነው፤ ታናሽ ወንድም ከወረሰው ጂንስ ጋር እኩል ማለት ነው። ልጁ ፋሽን አይደለም ብሎ ቢያኮርፍ ጂንሱን ለበዓል፣ የተሰፋውን ለሥራ ቀን ማድረግ ይቻላል።

መቼ ይገዛል?

በአካባቢው የልብስ ዋጋ የሚወጣው ገንዘብ በሰው እጅ ሲገባ ነው። በደጋው የቡና ገንዘብ ከጥቅምት እስከ ጥር ይገባል። በዚያ ላይ ገና ይታከላል። ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን የዩኒፎርምና የእንቁጣጣሽ ግርግር ነው። ኢድና ፋሲካም እንዲሁ ዋጋ ይጨምራሉ። ርካሹ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ እስከ ሰኔ ያለው ነው። ቡቲኩ የቆየ ዕቃውን ለማውጣት ዋጋ የሚቀንሰውም፣ ልብስ ሰፊው ሥራ የሚቀለውም ያን ጊዜ ነው።

በቆላው የሚወስነው ከብት ነው። ዱብሉቅን በመሰሉ የከብት ገበያዎች ዋጋ ሲወድቅ የልብስ ሱቅም ይቀዘቅዛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ቦረና እጅግ ብዙ ከብት ባለቀበት ጊዜ ለብዙ ቤተሰብ አዲስ ልብስ የሚታሰብ አልነበረም። በዱቤ የሸጠ የልብስ ነጋዴም ገንዘቡ የትም ቀረ። የዝናቡን ወሬ የማይሰማ የልብስ ነጋዴ በዚያ አገር አይዘልቅም።

ለነጋዴው የሚቀረው

የጎረምሳ ልብስ ለነጋዴ አትራፊ የማይመስለው በአገዛዙ ምክንያት ነው። አንድ ደርዘን ጂንስ በልዩ ልዩ ልክ ተቀላቅሎ እያንዳንዱ በ800 ብር ተገዝቶ በ1,000 ብር ይሸጣል እንበል። ዋናው ወጪ 9,600 ብር ነው። ዘጠኙ ተሸጠው ሦስቱ ልካቸው ፈላጊ አጥቶ ቢቀሩ የሚገባው 9,000 ብር ነው። በእያንዳንዱ ሱሪ 200 ብር አትርፌአለሁ ያለ ነጋዴ ሦስቱን ይዞ 600 ብር ጎድሎበታል። ወገባቸው 27፣ 28 እና 29 የሆኑትን ለይቶ በ850 ብር የገዛ ግን ዋናው 10,200 ብር ቢሆንም ሁሉንም ከሸጠ 1,800 ብር ያተርፋል። ልክ መርጦ ለመግዛት በአንድ ሱሪ የሚጨመረው 50 ብር ከዕቃ መቆለል ያድናል።

ቡሌ ሆራ ከሁለቱም ገበያ ሩቅ እንደመሆኗ፣ ያልተሸጠውን ወደ መርካቶ መልሶ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ከተማ የጎረምሳን ገበያ የሚይዘው በሚመጣው ክረምት የየትኞቹ ልኮች ፈላጊ እንደሚበዛ በደብተር መዝግቦ መርካቶ የሚወርድ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም። ወላጁም ሜትሩን ይዞ ልጁን ለክቶ ከወጣ ከሁለቱ ዋጋዎች የትኛው እንደሚሻለው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማስላት ይችላል።